ልጃቸውን ያልደበቁት የመምህርት ሸዋወርቅ ታመነ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከደብረ ሲና ድረስ ተጉዛችሁ የደረሳችሁ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው፣ የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ጎረቤቶች፣ መምህርት ሸዋወርቅን ለመሸኘት በዚህ ደብር ቅጽር የቆማችሁ ሁሉ፤ ይህን የማነብላችሁ እኔ ራኬብ ኣስመላሽ ነኝ። ከእሳቸው ጋር የሥጋ ዝምድና የለኝም፤ የእኔም ልጅ እንደ እሳቸው ልጅ በመሆኗ ግን ከእኅት ይልቅ ተቀራርበን ኖረናል። ከማረፋቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት አስጠርተው፣ «በቀብሬ ቀን የሚነበበውን እንዳታሳምሩት። ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች ብላችሁ፣ የልጄ ስም ሳይነሣ ሰው እንዳይበተን» ብለው አዘዙኝ። ልጃቸው ዳናይትም ጽሑፉን አስቀድማ አንብባዋለች፤ ስለ እሷ ያለውም ሳይቀነስ እንዲነበብ ፈቅዳለች። እንግዲህ የሚጎረብጥ ነገር ብትሰሙ፣ ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው እንድታደምጡ እለምናለሁ።

መምህርት ሸዋወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ታመነ ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ ሀብተየስ በ1961 ዓ.ም. በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣርማ በር ገደል ወደ መንገዱ የሚናደውን አፈርና ቋጥኝ የሚያስጠርጉ የመንገድ ሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ለመንገደኛ ቆሎ እየቆሉ ይሸጡ ነበር። ሸዋወርቅ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው ካጠናቀቁ በኋላ በደብረ ብርሃን ለመምህርነት ሠለጠኑ፤ በይፋት ቆላም ተመድበው፣ የሙቀቱና የወባው ብዛት ሌላውን መምህር ሁሉ ዝውውር ሲያስጠይቀው እሳቸው ሳይጠይቁ ጥቂት ዓመታት አስተማሩ።

በዚያው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ የጭነት መኪና ያሽከረክሩ የነበሩት አቶ ፍሰሃጽዮን ገብረዝጊ በጭጋግ ምክንያት ደብረ ሲና ላይ ሁለት ቀን ቆመው ሳለ ከእሳቸው ጋር ተዋወቁ፤ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ባይኖርም መኪናቸው ደብረ ሲና ላይ መቆም አበዛች። በ1988 ዓ.ም. በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። አቶ ፍሰሃጽዮን ሹፌርነቱን ትተው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በመካኒክነት ሲቀጠሩ፣ መምህርት ሸዋወርቅም ባላቸውን ተከትለው መቐለ ገቡ፤ ቀዳማይ ወያነ ውስጥ ቤት ተከራይተው ኑሮ ጀመሩ፤ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤትም አማርኛ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ትግርኛን ከጎረቤት ሴቶች በጥቂት ወራት ለመዱ፤ ሲናገሩት ግን የሸዋ ለዛው ስለማይለቃቸው ተማሪዎቻቸው ይስቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረዋቸው ይስቁ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ዳናይትን፣ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ኣክሊሉን ወለዱ። ኣክሊሉ መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ሕፃን አፉን እየፈታ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ግን የያዛቸውን ቃላት አንድ በአንድ ጣላቸው። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ ዐይኑን ከሰው ዐይን ያሸሻል፤ የልብስ ስፌት ገላውን ሲነካው እሳት እንደ ነካው ይጮኻል፤ ጆሮውን ከውሃ ሮቶ ላይ ለጥፎ ውሃው ሲሞላ እያደመጠ ግማሽ ቀን ይቆማል፤ የፍሳሽ ቦይ ደግሞ ቢሞት አይሻገርም። እናቱ ይዘውት ገበያ ሲወጡ ቦይ የሌለበትን መንገድ ፍለጋ ሰፈሩን ዙሪያውን ይዞሩት ነበር። በሰፈራችን ሰው ሁሉ በእግሩ ነውና የሚሄደው፣ ያላያቸው አልነበረም፤ አይቶም ዝም ያለ አልነበረም። እዚህ «የሸዋዋ ሴት ይዛብን የመጣችው ነው» ተባለ፤ ከወዲያ ደግሞ «በአገርሽ ብታገቢ ይህ ባላገኘሽ» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ሁለት ወገን ዘመድ ያላቸው ሴት፣ ሁለቱም ወገን ጣት ቀሰረባቸው።

አማታቸው ጸበል እንዲወስዱት አጥብቀው ስለለመኗቸው ወሰዱት፤ አንድ ሙሉ ክረምት በጸበሉ ስፍራ ከረሙ። እሳቸው ጸበሉን አልናቁም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ሲጠመቁ ኖረዋል። ነገር ግን ኣክሊሉን ጎልማሶች እጅና እግሩን ይዘው ቀዝቃዛ ውሃ ፊቱ ላይ ሲለቁበት፣ ልጁም ሲንፈራገጥ፣ በዙሪያው የቆመው ሰው «ይኸው ሊለፈልፍ ነው፣ ሊወጣ ነው» እያለ በእልልታ ሲጠብቅ አዩ። በስተመጨረሻ ሰውን ጥሰው ገብተው፣ «የሚወጣ ነገር የለም! ልጄ ውሃው በረደው፤ ሕፃን ነው፤ ልቀቁት» ብለው አቅፈውት ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃይማኖት የሌላት ሴት ተብለው ተሙ፤ በሰንበት ይዘውት ሲያስቀድሱም ልጁ ሲጮኽ ወደ ውጭ የሚያመለክታቸው እጅ አላጡም። ዝናብ ሲዘንብ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ተጠልለው ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው የሰሙበት ዘመን ብዙ ነው።

ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ራሳቸው ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ይዘውት ሄዱ። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር፣ «መምህርት፣ የእርስዎን ልጅ ብቀበል ለሌላው ወላጅ ምን እላለሁ?» አሏቸው። እሳቸውም የሌላውን ወላጅ ልጅ ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ኣክሊሉ ቤት ቀረ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በተለይ ይነበብ ያሉት እሳቸው ናቸው። የሚጠብቀው ሰው ፈለጉ፤ ሠራተኛ ቢቀጥሩ አንድ ሳምንት የምትቆይ ጠፋች፤ ጎረቤት ቢለምኑ ሁሉም ሥራ አለው። ባል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለዚህ መምህርት ሸዋወርቅ ልጃቸውን፣ የወለዱትን ልጃቸውን፣ እግሩን በነጠላ ከአልጋው ጋር አስረው፣ ዳቦና ውሃ አጠገቡ አስቀምጠው፣ በሩን ቆልፈው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። ዓመት ለሚሞላ ጊዜ እንዲህ አደረጉ። አንድ ቀን ሲመለሱ የእግሩ ቆዳ ተገሽልጦ ነጠላው ደም ጠጥቶ አገኙት። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽ እንደዋለ የነገረቻቸው ጎረቤት፣ ጩኸቱ ሲበዛባት መስኮቷን መዝጋቷንም አብራ ነገረቻቸው። በማግስቱ ሥራ ለቀቁ። «እኔ ማሰሬ ይጻፍ፤ ማንም እንዳልፈታውም ይጻፍ» ብለዋልና፣ ይኸው ተጽፏል።

ከዚያም አዲስ አበባ ወሰዱት። አንዲት ሐኪም ልጁን ረጅም ሰዓት አብራው ወለል ላይ ተቀምጣ ካየችው በኋላ፣ ይህ ኦቲዝም የሚባል የአእምሮ እድገት ልዩነት እንደሆነ፣ ከእርግማንም፣ ከአስተዳደግም፣ እናት ካደረገችውም እንዳልመጣ፣ በመድኃኒት የሚነቀል ባይሆንም በትዕግሥት ብዙ ነገር መማር እንደሚችል ነገረቻቸው። ከዚህ ሌላ በየጊዜው እየጣለ ለሚያንፈራግጠው ለሚጥል በሽታው ግን መድኃኒት አዘዘችለት። መምህርት ሸዋወርቅ፣ «ስም አለው ማለት ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ስም እንዳለው ሲረዱ እዚያው አለቀሱ፤ ስም ያለው ነገር ከሆነ ሌላም ሰው ያጋጠመው ነው፤ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም ብለው አሰቡ። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያስተምረው ማእከል ግን ሞልቶ ነበር፤ ስሙን አስመዝግበው፣ «እንደውልልዎታለን» ተብለው ተመለሱ። እስከ ዛሬ የደወለ የለም።

እኔና እሳቸው የተዋወቅነው መቐለ ውስጥ በአንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ነው። ኣክሊሉ ሰልፉ ሲረዝምበት መሬት ላይ ተዘርግቶ ራሱን ከአስፋልቱ ጋር ሲያጋጭ፣ እናቱ ጭንቅላቱ ሥር እጃቸውን አስገብተው እጃቸው ሲቆስል፣ ሰው ክብ ሠርቶ እያማተበ ያይ ነበር። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ሰውን «ቲያትር ነው እንዴ? ሂዱ!» ብዬ አባረርኩ፤ ቤቴ ውስጥ ሉላ የምትባል እንደ እሱ ያለች ልጅ እንዳለችኝ ነገርኳቸው። መምህርት ሸዋወርቅ ቀና ብለው አዩኝና፣ «የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?» አሉኝ። እንደ እኛ ያሉ እናቶች ስንት በር ዘግተው እንደተቀመጡ የገባን ያን ጊዜ ነው።

እሳቸውም በየሰፈሩ እየዞሩ፣ ልጅ ተደብቆበታል የሚባለውን ቤት ሁሉ እያንኳኩ፣ ሰባት እናቶችን አሰባሰቡ። መጀመሪያ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ ለተማሪዎች የሚከራይ አንድ ክፍል ተከራየን፤ ልጆቹ ይረብሻሉ ተብሎ ወጣን። ቀጥሎ ኣቶ ኣረፋይነ የሚባሉ የካፌ ባለቤት፣ እንደ ልጆቻችን የሆነ ወንድም ስለነበራቸው፣ ከካፌያቸው ጀርባ ያለውን ግቢ ሰጡን። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንገናኝ ነበር፤ በሌላውም ቀን አንዳችን የሌላችንን ልጅ በተራ እንጠብቅ ነበር። ተራው የደረሳት ስትጠብቅ፣ የቀረችው ገበያ ትሄዳለች፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ ወይም በቃ ትተኛለች። ይህን የሚያህል እረፍት አግኝታ ለማታውቅ ሴት ካልሆነ በቀር፣ ትርጉሙ ለማንም አይገባም። መምህርት ሸዋወርቅ ለማስተማር የተፈጠሩ ሰው ነበሩና፣ ሥዕል በካርቶን ላይ እየለጠፉ ልጆቻችን ውሃ፣ ዳቦ፣ ሽንት ቤት እያሉ በጣት እንዲያመለክቱ አስተማሩልን። ኣክሊሉ ገላውን መታጠብ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ቻለ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ደግሞ አንድ ቀን እናቱ ግቢውን ሲጠርጉ ከወንበሩ ሆኖ «ነይ» አላቸው። አነጋገሩ ጥርት ያለ ስላልነበረ የትግርኛውን «ንዒ»ም የአማርኛውን «ነይ»ም ይመስል ነበር፤ አቶ ፍሰሃጽዮን በአባቱ ቋንቋ ነው አሉ፣ እሳቸው በእናቱ ነው አሉ፤ ባልና ሚስቱ በደስታ የተጣሉበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ይመስለኛል።

ዳናይት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በ2011 ዓ.ም. ልትታጭ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ፣ የአባት ወገን ዘመዶች ተሰብስበው፣ ኣክሊሉ ለዚያ ቀን ኲሓ አክስቱ ዘንድ እንዲውል፣ አለዚያ የወንዱ ቤተ ሰብ «በዘር ያለ ነው» ብሎ እንደሚሸሽ አሳሰቡ። አቶ ፍሰሃጽዮን ነገሩን ለሚስታቸው ተዉት። ዳናይት እናቷን፣ «እማ፣ አንድ ቀን ብቻ! ለእሱ ብለሽ ሕይወትሽን ሁሉ ሰጥተሻል፤ ለእኔ አንድ ቀን ስጪኝ» ብላ ለመነች። እናቷ ግን፣ «አንዱን ልጄን ደብቄ ሌላዋን አልድርም፤ ዛሬ የደበቅሽው ነገ ቤትሽ ድረስ ተከትሎሽ ይመጣል» ብለው ኣክሊሉን አዲስ ሸሚዝ አልብሰው ከአጠገባቸው አስቀመጡት። ኣክሊሉ በሽማግሌዎቹ ፊት እጁን እየነከሰ ተወዛወዘ፤ ሽማግሌዎቹም በትሕትና በልተው፣ ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ዳናይት በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ሄደች፤ ለእናቷም መደወል አቆመች። መምህርት ሸዋወርቅ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ስለዚያ ቀን፣ «ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ግን ልጄን አልመለሰልኝም» ይሉ ነበር።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችንም ነበርንበት። ለእኛ ልጆች ምን እንደነበረ ብቻ ልናገር። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ አቶ ፍሰሃጽዮን ሥራ ፈቱ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ የኣክሊሉ መድኃኒት ከከተማው ጠፋ፤ በሳምንት አንዴ ይጥለው የነበረው በየቀኑ ይጥለው ጀመር። የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር ልጁ በሩን በርግዶ ወደ ውጭ ይሮጣል። ያን ጊዜ፣ ለብዙ ዓመት የልጃቸውን እጅ በሰው ፊት ለመያዝ ያፍሩ የነበሩት አባት፣ ኣክሊሉን ወለል ላይ አስተኝተው፣ በላዩ ተኝተው፣ ጆሮውን በሁለት መዳፋቸው ደፍነው፣ ድብደባው እስኪያልፍ ያቆዩት ነበር። አቶ ፍሰሃጽዮን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አጥተው በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። የቅዳሜው ግቢ በተፈናቃይ ወገኖቻችን ተሞላ፤ እናቶቹም ተበታተኑ። ከልጆቻችን አንዱ፣ ሓፍቶም፣ ቦምብ በወደቀበት ቀን ደንግጦ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ስሙን የማይናገር ልጅ ጠፍቶ ማን አግኝቶ ይመልሰዋል? እናቱ እዚህ መካከላችን ቆማለች። እስከ ዛሬ ትፈልገዋለች።

መምህርት ሸዋወርቅ በጡታቸው ላይ እብጠት የዳሰሱት በዚያው በከበባው ዘመን ነው። ለመመርመር ልጁን የሚያስጠጉበት ስላልነበራቸው ዝም አሉ። ስልክ በተከፈተ ሰሞን መጀመሪያ የደወለችው ዳናይት ነበረች፤ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ መምህርት ሸዋወርቅ ግን ስልኩን ዘግተው፣ «አለች፤ እማ አለችኝ» ብለው እየደጋገሙ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዳናይት እናቷንም ወንድሟንም አዲስ አበባ ወስዳ ሕክምና አስጀመረች። ኣክሊሉ ግን ባልለመደው ቤት እህል አልቀምስም አለ፤ ይጮኽ ጀመር፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አከራይዋ፣ «ወይ እሱን አስወጪ፣ ወይ አብራችሁ ውጡ» አለች። ሌላ ቤት ፈለጉ፤ ልጁን ያየ ሁሉ ቤቱ ተይዟል ይላል። ሕክምናው ተቋረጠ፤ ተመለሱ።

እዚህ ደግሞ ለሕክምናው ጊዜ ብቻ ልጁን የሚይዝላቸው ሰው ለመኑ። ማንን እንደለመኑ ስም አልጠራም፤ የተለመናችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። አንዱ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንዷ ትናንሽ ልጆች አሏት፤ ሌላው «ወንድ ነው፣ ጎልምሷል፣ ያስፈራል» አለ። ሁሉም ግን በሩ ላይ ቆሞ «ኣጆኺ ሓፍተይ» ብሏቸዋል፤ ከደብረ ሲና ለመጣችሁት፣ «አይዞሽ እኅቴ» ማለት ነው። መምህርት ሸዋወርቅ ያን ቃል ሲሰሙ በኋላ ላይ ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። ከጦርነቱ የተረፍን አራት እናቶች እንደገና ተገናኝተን፣ ልጁን በገዛ ቤቱ በተራ እየጠበቅን ወደ ሕክምናው መለስናቸው፤ ሐኪሞቹ ግን በሽታው አጥንት መግባቱን፣ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ሊታከም ይችል እንደነበር ነገሯቸው። የገደላቸው ካንሰር ብቻ ነው ብሎ የሚመዘግብ ይመዝግብ፤ እኔ ግን ያየሁትን አውቃለሁ።

ዳናይት የአዲስ አበባ ሥራዋን ትታ መጥታ የመጨረሻዎቹን ወራት አስታመመቻቸው። መምህርት ሸዋወርቅ ታመነ ትናንት ጠዋት፣ በሁለቱ ልጆቻቸው መካከል ሆነው፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሞታቸው በተሰማ በሰዓቱ ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ሰው ግቢውን አልፎ መንገድ ሞላ። ከዚህ ሰው መካከል ያን ደጃፍ በዓመታት ውስጥ ሲረግጠው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ ጠዋትም አንዳንድ ሰዎች፣ ለሥርዓቱ ክብር ሲባል ኣክሊሉ ቤት ይቆይ ብለው መክረው ነበር። ዳናይት፣ «እናቴን ይቀብራል» ብላ እጁን ይዛ አመጣችው። ይኸው ከሣጥኑ አጠገብ ቆሟል። ቢጮኽ፣ ልቅሶው እንዲያ ስለሆነ ነውና ማንም አይዙርበት።

መምህርት ሸዋወርቅ ሁለት ልጆች፣ አምስት ወንድሞችና እኅቶች፣ ያስተማሯቸውን ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ተማሪዎች፣ እንዲሁም በየቤታችን በር ዘግተን ስንኖር አንኳኩተው ያወጡንን እናቶችና ልጆቻችንን ትተዋል። ዳናይት ወንድሟን ይዛ እዚሁ መቐለ ልትኖር ወስናለች፤ ሠርታም ማደር አለባት።

ልጃቸው እንደ ኣክሊሉ የሆነ እናት ሁሉ በስውር የምትጸልየው አንድ ጸሎት አለ፤ እሳቸውም ሲጸልዩት ኖረዋል፦ ከእሱ በኋላ አንድ ቀን ብቻ አቆየኝ የሚል ነው። እናት በልጇ ሞት ላይ እንዲህ ያለ ልመና እንድትለምን ያደረጋት ምን እንደሆነ እያንዳንዳችን እናስብ። ጸሎታቸው አልተሰማም፤ እሳቸው ቀደሙ። እንግዲህ የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ፣ ሕፃናት በጩኸታቸው ከማይባረሩበት ስፍራ ያሳርፍልን። እናንተም ወደየቤታችሁ ስትመለሱ «ነፍሷን ይማር» ማለታችሁ አይቀርም። ያ ልጅ ብቻውን ተቆልፎበት እየጮኸ ግን ነፍሳቸው የምታርፍ አይምሰላችሁ። ዳናይት ሰኞ ሥራ ፍለጋ ትወጣለች፤ ማን ከኣክሊሉ ጋር እንደሚቀመጥ ገና አላወቀችም።